ዘንጉ ሥር የወደቀው ኳስ

“ማን ነበር እዚያ? እስቲ ንገሩኝ! አንዳችሁ ስሙን ጥሩልኝ!”

ሌን ስልኩን በስኳር ዕቃው አስደግፎ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። ቡናው ከስኒዎቹ ፈሰሰ። የዶናት ቤቱ ባለቤት ዶሪን ከባንኮኒው ኋላ ሆና ጨርቅ ወረወረችለት።

“ያሸነፈህ ጠረጴዛዬ አይደለም፤ ጥረግ!” አለችው።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከኦሃዮ ወንዝ የተነሳው ጉም መስኮቱ ላይ ስለተለጠፈ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው የሌን ጎማ ቤት እንኳ አይታይም። ትናንት የከተማዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን በሁለት ነጥብ ተሸንፏል። በዚህች ከተማ ቡድኑ አርብ ከተሸነፈ ቅዳሜ ጠዋት ዶሪን ቤት ለቅሶ ቤት ይመስላል፤ ልዩነቱ ለቀስተኞቹ መሰዳደባቸው ብቻ ነው።

ሮይስ ሃኬት ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ተቀምጧል። በመንገድ ሥራ ላይ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ትልልቅ እጆች አሉት፣ ወትሮም ብዙ አያወራም። ዛሬ ግን ጭራሽ አፉን አልከፈተም።

“ጥፋቱ የኬድ ብቻ አይደለም፣” አለ ኦቲስ። ኦቲስ ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ በወጣትነቱ እሱም እንደ ኬድ ለዚሁ ቡድን ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳሱን የሚወረውረው ሰው ነበር። “ማጥቃታችን ራሱ ምን ማጥቃት ነው? ሩጫ! መሃል መሃሉን ሩጫ! ሦስት ጊዜ ግድግዳ በግንባር እየገጩ ቆይተው፣ አራተኛው ላይ ልጁን ‘በል አንተ አውጣን’ ይሉታል። መጠየቅ ያለበት አሰልጣኙ ነው።”

“የፊት መስመሩስ?” አለች ዶሪን። “የእህቴ ልጅ እዚያ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ያ ልጅ ሰው ከሚያግድ እንግዳ ተቀባይ ቢሆን ይሻለዋል። ‘ግቡ፣ ቤት ለእንግዳ’ እያለ ነው የሚያሳልፋቸው።”

ኦቲስ ሳቀ። ሌን አልሳቀም።

“በዚህኛው ላይ አግደዋል። ራሳችሁ እዩት! ኬድ ሻይ አፍልቶ የሚጠጣበት ጊዜ ነበረው። ማይልስ ኳሱን ሊቀበል ብቻውን ቆሟል። ዙሪያው ዝንብ የለም! እጁን እያወዛወዘ ‘እዚህ ነኝ’ ይላል። ኬድስ? ለማንም ወረወረው። ለአየር! ከዚያም ‘አየሁት’ ይላል ለአሰልጣኙ። ማንን ነው ያየው?”

“አየሁት አለ?” ሲል ኦቲስ ጠየቀ።

“ልጄ አጠገባቸው ነበር፣ በጆሮው ሰምቶታል። ‘ክፍት ነበር፣ አየሁት’ አለ። ከዚያ ኬድ ሲያለቅስ ነው ያመሸው።”

ሮይስ ስኒውን በሁለት እጁ ያዘ። ቡናው ቀዝቅዟል።

“መልሰህ አጫውተው፣” አለ ኦቲስ መነጽሩን እያስተካከለ።

ሌን አጫወተው። ሚስቱ ከተመልካች ወንበር ላይ ሆና የቀረጸችው ነው፤ ምስሉ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ኬድ ሞላላዋን ኳስ ይዞ ወደ ኋላ ይራመዳል። ማይልስ ሮጦ ይሄድና ወደ ውስጥ ዞሮ እጁን ያነሳል። ኬድ ግን ዓይኑ ሜዳው ጠርዝ ላይ ነው፤ እዚያ የቢጫ ዘንግ ጫፍ ይታያል። ይወረውራል። ኳሱ ቆንጆ ሆኖ፣ እየተሽከረከረ ሄዶ፣ ማንም በሌለበት ሣር ላይ ይወድቃል። ጨዋታው አለቀ።

“ቆይ፣” አለ ኦቲስ፣ አገጩ ስልኩን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው። “ያ አንተ አይደለህም እንዴ ሮይስ?”

እሱ ነበር። ሮይስ ለብዙ ዓመታት በየአርቡ የሰንሰለት ያዦቹ ቡድን ውስጥ ነው። በሜዳው ጠርዝ ቆመው በሰንሰለት የተያያዙ ሁለት ዘንጎች ይይዛሉ፤ የፊተኛው ዘንግ ቡድኑ ኳሱን ማድረስ ያለበትን ቦታ ያሳያል። የፊተኛውን የሚይዘው ሮይስ ነው። የሥራው የመጀመሪያ ሕግ አንድ ነው፦ ተጫዋች ወደ አንተ እየሮጠ ከመጣ ዘንጉን ጣል፣ ወደ ኋላ ዝለል፣ ልጁን ብረቱ እንዳይወጋው።

በምስሉ ላይ ሮይስ ዘንጉን ጣለ። እጆቹን ዘርግቶ ወደ ኋላ ዘለለ፤ ልክ በሙሉ ፍጥነት ለሚመጣ ሰው መንገድ እንደሚለቅ። ወደ እሱ የሚሮጥ ግን ማንም አልነበረም።

ሌን በዝግታ መልሶ አጫወተው። አሁንም ዘንጉ ወደቀ፣ አሁንም ሮይስ ዘለለ።

“ለማን ነው መንገድ የለቀቅከው?” አለ ኦቲስ። ድምፁ እንደ ቅድሙ አልነበረም።

“ኳሱን ሸሽቼ ነው።”

“ኳሱ እኮ ገና ከልጁ እጅ አልወጣም።”

የዶሪን ማቀዝቀዣ ሲያጓራ ተሰማ። ከዚያ ዶሪን ከባንኮኒው ወጥታ መጣችና ስልኩን በፊቱ ደፋችው።

“ይበቃል፣” አለች። “ቡናችሁን ጠጡ።”

ሁሉም ያሰቡት አንድ ነገር ነው፤ ማንም ግን ስሙን አልጠራም። የሮይስን ልጅ ዳልተንን በነሐሴ ከግድቡ በታች ወንዙ ወስዶታል። ያ ማይልስ አሁን የሚጫወትበት ቦታ የእሱ ነበር። ዳልተንና ኬድ ከልጅነታቸው ጀምሮ ከሮይስ ቤት ጀርባ ሲወረውሩ ነው ያደጉት። ሮይስ ቅጠል የሚሰበሰብበትን የሬክ እንጨት መሬት ላይ ይተክልላቸዋል፤ ዳልተን ወደ እንጨቱ ይሮጣል፣ ኬድ ደግሞ ዳልተን ገና ሳይዞር ይወረውራል። ወደ ሰው ሳይሆን ወደ ቦታው ነው የሚወረውረው። ዳልተን ሲዞር ኳሱ እጁ ላይ ነው። “ወደ አባባ ዘንግ” ይሉት ነበር። አድገው በትልቁ ሜዳ ሲጫወቱም ስሙን አልቀየሩትም። ዳልተን ኳሱን ቀልቦ ከሜዳ ሲወጣ፣ አባቱ የያዘውን ዘንግ በጣቱ አንዴ ኳ ያደርገዋል። ሮይስ ንዝረቱ መዳፉ ውስጥ ሲገባ ይሰማው ነበር።

ትናንት የሰማው እርምጃ ነው። ዳልተን አንድ ክረምት ቁርጭምጭሚቱን ተሰብሮ ስለነበር ቀኝ እግሩ ከግራው ይልቅ ከበድ ብሎ ነበር የሚያርፈው። ያ እርምጃ፣ አንዱ ከባድ አንዱ ቀላል፣ በሣሩ ላይ ወደ እሱ መጣ። ሮይስ አላሰበም። እጁ ራሱ ዘንጉን ጣለ። ዘንጉ ከእጁ ሊወጣ ሲል ግን አንዴ ነዝሯል። ይህን ለሚስቱ ለማርሲ እንኳ አልነገራትም።

ሌን ወንበሩን ጠጋ አደረገ። ቁጣው በርዶለታል።

“ስማኝ ወንድሜ። እኩለ ቀን ላይ አሰልጣኙ ዘንድ እሄዳለሁ። የሚመጣው አርብ የመጨረሻ ጨዋታችን ነው። ሁለተኛውን ኳርተርባክ ያስገባ ልለው ነው። እኔ ብቻዬን ብናገር ‘ይሄ ጎማ ሻጭ ደግሞ መጣ’ ይለኛል። አንተ አብረኸኝ ከመጣህ ግን እምቢ አይልም። ላንተ እምቢ የሚል ሰው የለም።”

“አርብ እኮ ኬድን ሊያይ ከኮሌጅ ተጫዋች የሚመለምል ሰው ይመጣል፣” አለ ኦቲስ። “ምኑን ሊያይ ነው? ወንበር ላይ ሲቀመጥ? ያ ልጅ ሌላ መውጫ የለውም።”

“እኔ ልጁን ጠልቼው መሰለህ? ለሌለ ሰው እየወረወረ እኮ ነው! ይሄ የኳስ ጉዳይ አይደለም። ይረፍ ነው የምለው።”

“ዛሬም አላረፈም፣” አለ ኦቲስ። “ስመጣ በሜዳው በኩል ነበር ያለፍኩት። ጉሙ ውስጥ ኳስ ሲያርፍ ይሰማል። ጧ… ጧ… ቆምኩና ልጠራው አልኩ። አልጠራሁትም። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።”

ሮይስ ተነስቶ ጃኬቱን ለበሰ።

“እኩለ ቀን እመጣለሁ፣” አለው ለሌን።

“አብረኸኝ ነህ ማለት ነው?”

“እመጣለሁ አልኩህ።”

ሜዳው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ከወንዙ ጥግ ነው። ሮይስ መኪናውን አጥሩ ዘንድ አቁሞ በእግሩ ገባ። የተመልካች ወንበሮቹ ታችኞቹ ብቻ ይታያሉ፤ ላይኞቹን ጉሙ ውጧቸዋል። ሣሩ አመዳይ ይዞ ከጫማው ሥር እየተሰባበረ ይጮኻል። መጀመሪያ ድምፁን ሰማ። ጧ። ከዚያ ዝምታ። ከዚያ ደግሞ ጧ።

ኬድ መሃል ሜዳ ላይ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን ልጅ ነው፤ ከእግሩ ሥር ኳስ የተሞላ ከረጢት አለ። ሜዳው ጠርዝ ላይ የሬክ እንጨት ተክሏል። ሮይስ እንጨቱን አወቀው። ጫፉ ላይ ራሱ የጠመጠመው ሰማያዊ ፕላስተር አለበት፤ ከሰኔ ጀምሮ ከጋራዡ ጠፍቶ ነበር።

ኬድ ወደ ኋላ ተራመደ፣ ወረወረ። ኳሱ እንጨቱ ሥር ወደቀ። ቀጥሎ ሌላ ወረወረ፤ እሱም እዚያው ወደቀ። እዚያች ቦታ ላይ ሣሩ አልቆ አፈሩ ወጥቷል። ልጁ ግን ከአንዱ ውርወራ ወደ ሌላው አይቸኩልም። ከእያንዳንዱ በኋላ አንድ ሰው ሮጦ ተመልሶ ቦታውን እስኪይዝ የሚጠብቅ ይመስል ትንሽ ይቆማል። አንዴም ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ጥሩ ነበር” አለ።

“ከማን ጋር ነው የምታወራው?”

ኬድ ደነገጠ። ፊቱ በብርድ ቀልቷል፤ ዓይኖቹ ግን ከብርዱ በፊት የቀሉ ናቸው።

“ከማንም ጋር፣ ሚስተር ሃኬት። እንጨቱን… ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እመልሰዋለሁ። ዳልተን ነበር ያመጣው።”

“እንጨቱ አያሳስብህ።”

ወንዙ ላይ የሆነ ጀልባ አንዴ ጮኸ፤ ወዲያው ጉሙ ድምፁን አፈነው።

“ሚስተር ሃኬት፣ ልጠይቅዎት?” አለ ኬድ። “ትናንት ዘንጉን ለምን ጣሉት?”

ሮይስ እጆቹን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተ።

“እርስዎም ሰምተውታል አይደል? እኔ ማይልስን አልረሳሁትም። እምልልዎታለሁ፣ ወደ ማይልስ ልወረውር ነበር። ከዚያ እርምጃው መጣ። ከዚያ እርስዎ ዘለሉ። እርስዎ ሲዘሉ ሳይ… እውነት ነው ማለት ነው አልኩ። ሁሉም አብዷል ይሉኛል። እናቴ ሐኪም ዘንድ እንሂድ ትላለች። ያየሁት እኔ ብቻ ካልሆንኩ ግን…”

ሮይስ ወደ እንጨቱ ተመለከተ። አልሰማሁም ማለት ይችላል። በዚያው ልጁን ለሌን አሳልፎ ይሰጠዋል። ሰምቻለሁ ብሎ ደግሞ ከጎኑ መቆም ይችላል፤ ያኔ በየጠዋቱ ሁለቱ እዚህ እየመጡ አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው ያዳምጣል። ይህኛው ሐሳብ ጣፈጠው። በጣም ስለጣፈጠው ፈራ።

“ሰምቼዋለሁ፣” አለ።

ኬድ ዓይኑን ጨፈነ፤ ትከሻው ወረደ።

“አሁን አንተ እኔን ስማኝ። ሌን እኩለ ቀን አሰልጣኙ ዘንድ ይሄዳል። አርብ እንድትቀመጥ ይፈልጋል። እኔም አብሬው እሄዳለሁ። አሰልጣኙ እኔን ነው የሚጠይቀኝ። ‘ልጁ ማይልስን ያየዋል ወይ?’ ይለኛል። ምን ልበለው?”

ልጁ ወደ ከረጢቱ አቀረቀረ።

“እዚሁ ቁም፣” አለው ሮይስ።

ወደ ሜዳው ጠርዝ ሄደ። እንጨቱ አጠገብ ሲደርስ ሣር ያለቀበትን ቦታ ላለመርገጥ ዞር ብሎ አለፈ። እንጨቱን በሁለት እጁ ይዞ ነቀለው። አፈሩ ያዝ አድርጎት ስለነበር እንደ ጥርስ ነው የወጣው። ሣሩ ላይ አጋደመው። ከዚያ ጀርባውን ለጠርዙ ሰጥቶ ወደ ውስጥ ጥቂት ተራመደ፤ ትናንት ማይልስ እጁን ሲያወዛውዝ የነበረበት ቦታ ላይ ቆመ። ጉልበቱን ያመዋል። ኳስ ከቀለበ ስንት ዘመኑ ነው።

“ማይልስ የሚዞረው እዚህ ነው፣” ብሎ ጮኸ። “ወደዚህ ወርውር!”

ኬድ ኳስ አነሳ። ወደ ኋላ ተራመደ። እጁን እንዳነሳ ግን ቆመ። የሚያየው ሮይስን አልነበረም፤ ከትከሻው በላይ አልፎ፣ ጠርዙን ነበር የሚያየው።

“ሚስተር ሃኬት፣” አለ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ “ከኋላዎ…”

ሮይስም ሰምቶታል። አመዳዩ እየተሰባበረ ነበር። አንዱ ከባድ፣ አንዱ ቀላል። ተጠጋ። ከጀርባው፣ እንጨቱን ካጋደመበት፣ አንዴ ብቻ ኳ የሚል ድምፅ መጣ። አንገቱ ሊዞር ፈለገ። መላ ሰውነቱ ሊዞር ፈለገ።

“እኔን ነው የምታየው፣” አለው ልጁን። “እኔን፣ ኬድ። ወርውር።”

ወደ ኋላ ሳይዞር ሁለት እጆቹን ወደፊት ዘረጋ።