በቅቤ የተገኘችው ጋላክሲ

ልብስ ሰፊዋ ባሏን የምትወደውን ያህል ቴሌስኮፑን ትጠላዋለች። መነጽር ሠሪው ባሏ ፀሐይ ስትጠልቅ ጣራው ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ሚስት ያለችውም አይመስለው። የቤቱ ባለቤት የሆኑት እናቷ ደግሞ ቁርጡን ነግረውታል፦ "እስከ ቅዳሜ አንድ አዲስ ነገር ካላገኘህ ይሄን ቱቦህን ታወርዳለህ! ልብሴን የማሰጣበት አጣሁ እኮ!"

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ልብስ ሰፊዋን ሰይጣን ሹክ አላት። ባሏ ለአፍታ ሲወርድ ዓይኑን የሚያስጠጋበት መስታወት ላይ ምንም እንዳያይ ጠብታ የምታክል ቅቤ ቀባችና እየሳቀች ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች።

ባሏ ተመልሶ ወጣ፤ ብዙም አልቆየ። "አገኘሁ! የሰማይ ካርታው ላይ የሌለች ጭጋግ አገኘሁ!" እያለ ደረጃውን በዝላይ ወረደና የከዋክብት ማኅበሩን ሊቀመንበር ሊጠራ በረረ። ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ብድግ አለች። "ጉድ ፈላ! ባሌን የሰው መሳቂያ ላደርገው ነው!"

ሽቅብ ሮጠች። መስታወቱን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና አየች። ጭጋጓ አለች! አነስ ብላ፣ እንደ እንቁላል ሞላላ ሆና። ደግማ ጠረገች፤ አለች። ምራቋን አስነክታ ፈተገች፤ አሁንም አለች። "ምን ዓይነት ቅቤ ነው ይሄ፣ በፈጣሪ?"

ሊቀመንበሩ ከባሏ ጋር እያለከለኩ ደረሱ። አዩና ቱቦውን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

"ቆሻሻ ብትሆን መስታወቱ ላይ ተጣብቃ ትቀር ነበር። ይቺ ግን ከከዋክብቱ ጋር አብራ ትሄዳለች። ሞላላ ጋላክሲ ናት፤ ካርታችንም አያውቃትም! መጀመሪያ ያያት ማን ነው?"

"እኔ ነኛ!" አለ ባል። ጎንበስ ብሎ ሲያይ ግን ግራ ገባው። "የኔዋ እኮ ወፈር ትል ነበር..."

ሚስቱ ዝም ብትል ክብሩ የሱ፣ ሰላሙ የሷ ነበር። ልቧ ግን እምቢ አላት።

"ያንተዋ ቅቤ ናት፤ የቀባኋትም እኔው ነኝ። ይቅር በለኝ። ጋላክሲዋን ያየኋት ግን እኔ ነኝ!"

እናቷ የልብስ ገመዳቸውን እንደያዙ ደረጃው ላይ ብቅ አሉ።

"ልጄ ናት ያገኘችው?"

"አዎ፣ እማማ" አሉ ሊቀመንበሩ።

"ታዲያ የልጄን ቴሌስኮፕ ማን አባቱ ነው የሚያወርደው?" ገመዱን ለአማቻቸው አስታቀፉት። "አንተ ውረድና ልብሱን ቤት ውስጥ አስጣ!"