በጎረቤት ጣራ ሥር

ተክለጻድቅ ጣራው ላይ የወጣው ድምፁን ሳያሰማ ነው። በጀጎል፣ በሐረር ግንብ ውስጥ፣ ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። ቤቶቹ ተደጋግፈው የተሠሩ ናቸው፤ ጣራቸው ጠፍጣፋ አፈር ነው። ስለዚህ አፈሩን ሊጠቀጥቅ የሚወጣ ወንድ አስቀድሞ ሦስት ጊዜ ይጮኻል፤ የጎረቤት ሴቶች ይህን ሰምተው ከግቢ ወደ ቤት ይገባሉ። ተክለጻድቅ ከሸዋ መጥቶ ሐረር ከከተመ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል፤ ይህን ሥርዓት አንድም ቀን አጓድሎ አያውቅም። የዚያን ዕለት ማለዳ ግን ዝናብ በድንገት ወርዶ፣ ውሃው በሚስቱ በለተማርያም አልጋ ላይ ሲንጠባጠብ ጊዜ አካፋውን ይዞ ሮጦ ወጣ።

አፈሩን ደልድሎ ቀና ሲል የጎረቤቱን፣ ሰው በአክብሮት «አው» የሚለውን የመጽሐፍ ጠራዡን የዐብዱልጀሊልን ግቢ ቁልቁል አየ። የዐብዱልጀሊል ልጅ ነሲማ ራሷን ሳትሸፍን ጸጉሯን ታበጥራለች። ዐይኑን ቶሎ መለሰ። ሲመልስ ግን ሌላ ነገር አየ። የቤቱ ሴቶችና ሁለት ሕፃናት የሚያድሩበት የጓዳው ጣራ መሐሉ እንደ ገበቴ ጎድጉዶ ውሃ አቁሯል። ጣራውን የተሸከመው ግንድ ጫፉ ከግድግዳው ወጥቶ ይታያል፤ ምስጥ በልቶታል፤ ተሰንጥቋል።

ተክለጻድቅ ጎንበስ ብሎ ወረደ።

ነገሩን ለልጁ ለእንደሻው ነገረው። እንደሻው ፈረንጅ አስተማሪዎች ዘንድ የተማረ፣ በጽሕፈት ሥራ የሚተዳደር ጎልማሳ ነው። ሰምቶ ሲያበቃ ዝም ማለት ይሻላል አለ። ዐብዱልጀሊል ልጁ መታየቷን ካወቀ ደም ሊፈስ ይችላል። ይህ እውነት ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት በግንብ ላይ አሻግሮ የሰው ግቢ ያየ አንድ ወታደር በጩቤ ተወግቶ ሞቷል፤ የወጋውም ሰው ተሰቅሏል። የሁለቱ ሰዎች ዘመዶች እስከ ዛሬ በአንድ መንገድ አይሄዱም።

«አባባ፣ ዐሥራ አምስት ዓመት ጎረቤት ሆነን በሰላም የኖርነው አንዳችን ባንዳችን ቤት ስላልገባን ነው» አለ እንደሻው። «ፈረንጆቹ ይህን ትልቅ ትምህርት አድርገውታል። መቻቻል ነው። ሰውን በእምነቱም በቤቱም አለመንካት። የእርስዎ ፍቅር ከዚህ በምን ይበልጣል?»

ተክለጻድቅ እስከዚያች ማለዳ ድረስ ዐብዱልጀሊልን የሚወደው ይመስለው ነበር። ሰድቦት አያውቅም። ድንበር አልገፋበትም። በረመዳን ቀን በር ላይ ቆሞ አልበላም። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላምታ እየሰጠ ዐሥራ አምስት ዓመት አልፎታል። አሁን ግን ያ ሁሉ ጨዋነት አንድ ሕፃን ከአፈር ሥር እንደማያወጣ ታየው።

«ክርስቶስ ቻሉት ብቻ አላለንም» አለ። «ውደዱት ነው ያለን።»

«ቢወጋዎትስ?»

«እሱን ነው የምፈራው» አለና ጋቢውን አነሣ።

በሐኪም ተራራ በኩል ሰማዩ እንደገና ጠቁሯል። በሩን የከፈተው ዐብዱልጀሊል ራሱ ነበር። ሙጫ የነካው እጁን በሽርጡ እየጠረገ «ኸይር ነው፣ አቶ ተክለጻድቅ?» አለ። ተክለጻድቅ ደጁ ቆሞ አያውቅምና ዐብዱልጀሊል ግራ ገብቶታል። ተክለጻድቅ ስለ ግንዱ ነገረው። ዐብዱልጀሊል እስከ መጨረሻው ሰማና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ከየት ሆነው አዩት?»

ከመንገድ ነው ማለት አይቻልም፤ የጓዳው ጣራ ከመንገድ አይታይም።

«ከጣራዬ። ድምፅ ሳላሰማ ወጣሁ። ልጅዎንም አየኋት።»

የዐብዱልጀሊል እጅ ሽርጡ ላይ ቀረ። ወገቡ ላይ ቆዳ የሚቆርጥበት ቢላዋ ተሰክቷል። ተክለጻድቅ ከዚያ ቢላዋ ላይ ዐይኑን መንቀል አቃተው።

«ሰዎችህ ከተማዋን ሲይዙ የአባቴን ቤት ወሰዱ» አለ ዐብዱልጀሊል ቀስ ብሎ። እርስዎ ማለቱ ቀርቶ ነበር። «ይሄኛውን ደግሞ አንተ ጣራው ሊወድቅ ነው ብለህ ልታስለቅቀኝ ነው። ልጄን እያየህ። ሂድ። ወላሂ፣ ሁለተኛ እግርህ ይህን ደጅ እንዳይረግጥ።»

በሩ ሊዘጋ ሲል ዝናቡ ጀመረ። ከውስጥ ሕፃን ሲስቅ ተሰማ፤ ወዲያው ደግሞ ግንዱ ሲንቋቋ ተሰማ። ተክለጻድቅ በሩን በትከሻው ገፍቶ፣ ግቢውን አቋርጦ ጓዳው ገባና መደቡ ላይ ተቀመጠ።

ሴቶቹ ጮኹ። ነሲማ ፊቷን ሸፍና ሁለቱን ሕፃናት አንጠልጥላ ወጣች፤ እናቷ ዐይሻ እየተራገመች ተከተለቻት። ባዕድ ወንድ በተቀመጠበት ክፍል እንደማይቆዩ ተክለጻድቅ ያውቃል። የገባውም ለዚሁ ነበር። አሁን ብቻውን ቀረ። ጣራው ከራሱ በላይ ያቃስታል። ጭቃ ውሃ ማጅራቱ ላይ ጠብ ይላል። መውጣት ፈለገ፤ ከወጣ ግን ይመለሳሉ። አባታችን ሆይን ጀመረ፤ መካከሉ ጠፋበት።

ዐብዱልጀሊል ቢላዋውን መዝዞ ገባና የተክለጻድቅን የእጀ ጠባብ አንገት ጨመደደ።

«ተነሥ። ቤቴ ውስጥ ደም አታስፈስሰኝ።»

«ልጆቹን እዚህ አላስገባም በለኝ፤ እነሣለሁ።»

ዐብዱልጀሊል ሊመልስ አፉን ሲከፍት አንድ ጓል አፈር ቢላዋ በያዘው እጁ ላይ ወደቀ። ቀና አለ። በተሰነጠቀው ግንድ አጠገብ ሰማይ ይታያል። ተክለጻድቅን የእጀ ጠባቡን አንገት እንደያዘ እየጎተተ አወጣው፤ ግቢው መሐል ሲደርሱ ጣራው ተደረመሰ። ትልቅ ጩኸት አልነበረውም። ከባድ ሰው ደክሞት ሲቀመጥ የሚተነፍሰው ዓይነት ድምፅ ነበር። አቧራው በበሩ ወጥቶ ዝናቡ መልሶ አፈር ላይ ጣለው።

እንደሻው የሴቶቹን ጩኸት ሰምቶ መጥቶ ከውጭው በር ላይ ቆሟል። ስላልጠሩት አልገባም።

ዐይሻ ሕፃናቱን ትቆጥራለች፤ ቆጥራ ስታበቃ እንደገና ትጀምራለች።

«ዐይንህ ያየውን አልረሳልህም» አለ ዐብዱልጀሊል፣ ፍርስራሹን እያየ።

«አትርሳ» አለ ተክለጻድቅ።

ዝናቡ ሁለቱንም ያበሰብሳቸዋል። ዐብዱልጀሊል የጨመደደውን አንገት አለቀቀም። ቢላዋውም ገና በሌላው እጁ ነውና ተክለጻድቅ ልቀቀኝ አላለውም።