ሦስተኛው ግጥሚያ

"በሰባቱ የሐዘን ቀናት በር አይቆለፍም ብዬሻለሁ!" አሉ አክስት ሴሊ ከሶፋው ላይ ሆነው። "ለቀስተኛ አያንኳኳም፤ ገፋ አድርጎ ነው የሚገባው።"

"ሌባ ገፋ አድርጎ ቢገባስ?" አለች ዴሊያ፣ የበሩን ሰንሰለት እየሞከረች።

"ምን ሊወስድ? የተቀቀለ እንቁላል?"

ዴሊያ አልሳቀችም። ተመልሳ አጭሯ የሐዘን በርጩማ ላይ ተቀመጠች። አባቷ ማኒ ግላስማን ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። የቤቱ መስታወቶች በአንሶላ ተሸፍነዋል፤ የሹራቧም አንገት እንደ አይሁድ የሐዘን ወግ ተቀዷል። ዕድሜዋ ሃምሳ ዘጠኝ ነው። ስልክ በጮኸ ቁጥር ግን እስከ ዛሬ የምታነሳው ሰው ሞተ ብላ ነው።

በሩ ተንኳኳ። ሰንሰለቱን ስትፈታ አንድ ጎበጥ ያሉ ረጅም ጥቁር ሽማግሌ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። የአባቷ የድሮ ጓደኛ ኦዚ ፔሪ ናቸው።

ሽማግሌው አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ገቡ። በከዘራቸው ተደግፈው ፊት ለፊቷ ተቀመጡና ዝም ብለው ያዩዋት ጀመር።

በወጣትነታቸው የምሥራቅ ለንደን የቦክስ ቤቶች ኦዚን በጥቁርነታቸው፣ ማኒን በአይሁዳዊነታቸው መልሰዋቸው ነበር። ሁለቱንም የተቀበለ አንድ ሥጋ ቤት ሥር ያለ ምድር ቤት ብቻ ነው። እዚያ በአንድ ፎጣ ላባቸውን እየጠረጉ አብረው ሠለጠኑ። እርስ በርሳቸውም ሁለት ጊዜ ተጋጥመው አንድ አንድ ተሸናነፉ። ሦስተኛው ግጥሚያ ሳይደረግ ቀረ። ማን ያሸንፍ እንደነበር በየወሩ መጀመሪያ ሐሙስ፣ የቀድሞ ቦክሰኞች ምሳ በሚበሉበት መጠጥ ቤት ስልሳ ዓመት ተከራከሩ።

ከሁለት ዓመት በፊት ማኒ የመጠጥ ቤቱ ደረጃ ላይ ወደቁ። ሐኪሙ ከዘራ ይዘው መሄድ ይችላሉ ብሎ ነበር። ዴሊያ ጆሮ የገባው ግን መውደቃቸው ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ አባቷ ወደ መጠጥ ቤቱ ሄደው ዳግም እንዳይወድቁ ብላ፣ ኦዚ በደወሉ ቁጥር፣ "አባዬ ተኝቷል" ትላለች። ማታ አባቷ፣ "ኦዚ ደወለ?" ሲሏት፣ "አልደወለም" ትላለች።

"ሦስተኛውን ፈርቶ ነው" ይሉ ነበር ማኒ እየሳቁ። በኋላ ሳቁ ቀረ። ቆይቶ ጥያቄውም ቀረ። ያን ጊዜ ዴሊያ እፎይ ብላ ነበር። አሁን የሚያንገበግባት ያ እፎይታዋ ነው።

"ምነው ዝም አልክ ኦዚ?" አሉ አክስት ሴሊ። "ድሮ አፍህ ከእጅህ ይፈጥን አልነበር እንዴ?"

ኦዚ ፈገግ አሉ። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ወደ ዴሊያ ጠቆሙ።

አክስት ሴሊ ሊስቁ ሲሉ እንባቸው ቀደመ። "ወይኔ ወንድሜ! ማኒ ነው ያስተማረው። እናታችን የሞተች ጊዜ ይሄ ሰውዬ መጥቶ ገና ሳይቀመጥ ሲለፈልፍ፣ 'አፍህን ያዝ! ሐዘንተኛው ሳይናገር ለቀስተኛ አይናገርም። ዙሩን የምጀምረው እኔ ነኝ' አለው። እስከ ዛሬ አልረሳትም!" አፍንጫቸውን እየጠረጉ ሻይ ሊያፈሉ ወጡ።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ። "ስለመጡ አመሰግናለሁ" ብትል ይበቃል። ሽማግሌው የድሮውን አጫውተው፣ ሻያቸውን ጠጥተው፣ ጓደኛዬ እንቅልፍ አብዝቶ ነበር ብለው እንዳመኑ ይሄዳሉ። ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ደግሞስ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። ደንግጠው ልባቸው ቀጥ ቢልስ?

ለአባቷም እንዲህ እያለች ነበር የዋሸችው።

ኦዚ ያበጡ ጣቶቻቸውን ከዘራው ላይ አነባብረው ይጠብቃሉ።

"አጎቴ ኦዚ" አለች። "አባዬ ተኝቶ አልነበረም። አንድም ቀን ተኝቶ አልነበረም።"