የሙሽራዋ ጋሪ

ማናዬ በጎፋ የታወቀች ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ አንዲት ልጇን ጸደንያን በመርፌና በክር አሳድጋ ዘንድሮ ለመዳር በቃች። ሙሽራው ገመቹ የሚኖረው ለቡ ነው። እናቱ ሸጊቱ ከወሊሶ መጥታ እሱ ዘንድ ከገባች ገና ዓመቷ ስለሆነ፣ አማርኛዋ ከሰላምታ ብዙም አልራቀም።

ሰርጉ አምስት ቀን ሲቀረው የገመቹ የሥራ ባልደረባ፣ የጅግጅጋው አህመድ፣ ማናዬ ዘንድ ደወለ።

«እናቴ፣ ስለ ሙሽሮቹ አያስቡ። ጋሪውን እኔ አመጣለሁ።»

«ምኑን?»

«ጋሪውን! ነጭ ነው። በአበባ አሳምረዋለሁ።»

መቀሱ ከማናዬ እጅ ወደቀ። ለቡ ዳር አሸዋና ብሎኬት የሚያመላልሱት ጋሪዎች በዓይኗ ላይ መጡ። ሰውን ማስቀየም ነውር ነውና ድምጿን አለስልሳ፣ «ፈረሱስ ደህና ነው?» አለች።

አህመድ ሳቀ። «ፈረስ ምን ይሠራል፣ እናቴ? ፈረስ የለውም!» ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ።

«ፈረስ ከሌለው በሰው ሊገፋ ነው!» አለች ማናዬ ብቻዋን።

ለሸጊቱ ደወለች። «ወይዘሮ ሸጊቱ፣ ለልጆቹ የሚመጣው ጋሪ ነው የሚባለው እውነት ነው?»

ሸጊቱ ከዚያ ሁሉ አንዲት ቃል ብቻ ለየች። «ጋሪ ዳ!» አለች በደስታ። «ባዬ ጋሪ ዳ!»

«በእርግጥ ጋሪ?»

«ጋሪ! ጋሪ!»

ማናዬ ስልኩን ዘግታ አለቀሰች። ለጸደንያ ግን ትንፍሽ አላለችም፤ ሙሽራ በምን ዕዳዋ ትጨነቅ? በማግስቱ ሁለቱን ወንድሞቿን አስጠራች።

«ጋሪ ከሆነም ጋሪ ነው፤ ማጣት ነውር አይደለም። ልጄን ግን መንገደኛ አይገፋትም። እናንተ ትገፏታላችሁ።»

«ከጎፋ ለቡ?» አለ ታላቁ ወገቡን ይዞ።

«ቁልቁለት ይበዛዋል፤ አይዞህ።»

የሰርጉ ዕለት ወንድማማቾቹ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ የስፖርት ጫማ አጥልቀው በር ላይ ቆሙ። ትንሹ እጁን እያፍታታ ነበር። በዚህ መሃል በአበባ ያሸበረቀ ነጭ ላንድክሩዘር መጥቶ ቆመ፤ አህመድ ከመሪው ወረደ፤ ገመቹና ሸጊቱም ተከትለውት ወረዱ።

«እናቴ፣ ጋሪው ይኸው!»

ማናዬ የሚጎተት ነገር ካለ ብላ ወደ መኪናው ኋላ ዞረች። ምንም የለም። ጎንበስ ብላ ከሥሩ ሁሉ አየች።

«የታለ?»

«ይኸው!» አለ አህመድ ኮፈኑን መታ መታ እያደረገ።

ጎረቤቷ ጡረተኛው መምህር ቦጋለ ነገሩ ገብቶት ጠጋ አለ። «ማናዬ፣ ጋሪ በሶማሊኛ እኮ መኪና ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም መኪናን እንደዚያው ነው የሚሉት። ቃሉ ከህንድ የመጣ ነው ይባላል። እኛ ዘንድ ሲደርስ ፈረስ ተጠመደበት፣ እነሱ ዘንድ ሞተር ገባለት።»

«ሸጊቱስ? ‹ባዬ ጋሪ ዳ› ያለችኝ እሷም ሶማሊ ሆና ነው?»

«የሷማ ሌላ ነው። በኦሮምኛ ጋሪ ማለት ጥሩ፣ ባዬ ደግሞ በጣም ማለት ነው። ከህንዱ ጋር ዝምድናም የለው።»

ገመቹ ለእናቱ ሲተረጉምላት ሸጊቱ ደረቷን ይዛ ሳቀች። በኦሮምኛ ያለችውንም እሱ ለማናዬ መለሰላት፦ «የልጄ አማት እንዴት ያለች ደግ ናት፣ ጥሩ ነው ወይ ብላ ደጋግማ ትጠይቀኛለች ብዬ ለወሊሶ ዘመድ ሁሉ አውርቼላት ነበር።»

ማናዬ በእፍረት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ጸደንያ እንባዋ እስኪፈስ ስለሳቀች ኩሏ ተበላሽቶ እንደገና ተኳለች።

በመጨረሻ ማናዬ የሸጊቱን እጅ እንደያዘች ከኋላ ገባች። አሁን ሁለቱም የሚጠይቁት በዛ፤ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ሟች ባሎቻቸው፣ ስለ ጉልበት ሕመም። ገመቹ በመሃላቸው ተቀምጦ እስከ ለቡ ሲያስተረጉም ሄደ። ሙሽራዋ ከነቬሏ ከፊት፣ ከአህመድ ጎን ተቀምጣ፣ «ገመቹ፣ ዛሬ የምታገባው ማንን ነው?» ብትል የሚሰማት አላገኘችም።