የአስር ሰዓቱ ጥሪ

አባቴ ከሞተ ዘጠኝ ቀኑ ነው፤ እኔ ግን እንባ ጠብ አላለልኝም። ሰው «አይዞሽ» ሲለኝ «እሺ» እላለሁ። ደንዝዣለሁ፣ ሌላ ስም የለውም። ዛሬ ክፍሉን የከፈትኩትም ሬዲዮኑን ነቃቅዬ ካርቶን ውስጥ ልክተት ብዬ ነው።

ሬዲዮኑ መስሚያም መናገሪያም ነው። አባቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየቀኑ አስር ሰዓት ላይ ሌላ ከተማ ካለ ወዳጁ ጋር አውርቶበታል። መልኩን አይቶት አያውቅም፤ «ጆሮ» ነበር የሚለው። አምና ምላሱ ተሳስሮ ቀኝ እጁም አልታዘዝ ሲለው ሬዲዮኑን በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኘሁለት። ፕሮግራምም ጻፍኩ፤ አስር ሰዓት ሲሆን ሞገዱን ይይዛል፣ ማሰራጫውን ይከፍታል፣ ከመታመሙ በፊት የተቀዳ ድምፁን ይለቃል፣ መልሶ ወደ መስሚያ ያዞራል። እያንዳንዱ ትእዛዝ መጨረሻው ላይ ድርብ ሰረዝ ካልተደረገለት ሬዲዮኑ ንቅንቅ አይልም። አባቴ እኔን ውሃ ለማስመጣት ሦስቴ ይጣራ ነበር፤ ለሬዲዮኑ አንድ መስመር በቃው።

ገመዱን ልነቅል ጎንበስ ስል ቀይዋ መብራት በራች። ለካ ፕሮግራሙን ማንም አላጠፋውም።

«አለሁ። አንተስ አለህ?» አለ አባቴ።

«አለሁ» አለ ጆሮ በሻከረ ድምፅ። «ጉልበቴ ብቻ ነው ያስቸገረኝ።»

ዘጠኝ ቀን ሙሉ ለሞተ ሰው ሲመልስ ከርሟል። አፈርኩ። መርዶውን ከእኔ ሌላ የሚነግረው አልነበረም። የማሰራጫውን ትእዛዝ ጽፌ ላክሁና ማይኩን ያዝኩ።

«ጋሼ፣ ልጁ ነኝ። አባባ አርፏል፤ ዘጠኝ ቀኑ ነው። የሚጠራዎት ኮምፒውተሩ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ወደ መስሚያ መለስኩት።

«አውቄያለሁ ልጄ» አለ። «ድምፁ የተቀዳ መሆኑንማ ድሮም አውቃለሁ። ግን ሲያልቅ በደህናው እጁ ማይኩን ሁለቴ ጠቅ ጠቅ ያደርግልኝ ነበር። እሷ ጠቅታ ቀረች።»

ስለ ጠቅታው ሰምቼ አላውቅም። በአስር ሰዓት ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነኝ።

«ታዲያ ለምን ይመልሱለታል?»

«ጠርቶኝ ዝም ልበለው?»

ያኔ እንባዬ መጣ። ልመልስለት ትእዛዙን ጻፍኩ፤ ሬዲዮኑ ንቅንቅ አላለም። ደግሜ ጻፍኩ። ድርብ ሰረዙን እየረሳሁ ነበር።

«አለሽ ልጄ?» አለ ጆሮ።