የሚያብረቀርቀው የጎን ብረት

በያጇ ኮንትራክተሩን ያወቀችው ገና ከመኪናው ሳይወርድ ነው። እጁን በመስኮት አውጥቶ የበሩን ላሜራ በቀለበቱ ኳ ኳ ያደርጋል፤ ያለው ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ወደ እሱ እንዲሮጥ። እሱ ግን አላወቃትም። ፊቷ ጥላሸት በጥላሸት ሆኖ ምኑን ያውቃታል!

አባቷ የዚህ ሰውዬ ሾፌር ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ድንጋይ ከሚፈለጥበት ተራራ ሲወርድ መኪናው ተንሸራቶ በጎኑ ቋጥኝ ላይ ተቀመጠ። የጎኑ መከላከያ ብረት መከላከል ሲገባው እንደ ካርቶን ታጥፎ በሩን ወደ ውስጥ ደፈጠጠው፤ የአባቷን ግራ እግርም አብሮ። ብረቱን ያብረቀርቃል ብሎ የመረጠው ኮንትራክተሩ ራሱ ነበር። በማግስቱ ግን ሠራተኛውን ሰብስቦ “ጠጥቶ ነው የነዳው” አለ። ዕድሜ ልኩን ከለስላሳ ያለፈ ያልቀመሰውን ሰው! እግሩስ ዳነ። እሷን የሚያንገበግባት ሌላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ መሪ ያስጨበጠው የለም፣ ዛሬም ሰዎች ሰላም ሲሉት ጠጋ ብለው አፉን ያሸታሉ።

ጋራዡ የእናቷ ወንድም ንብረት ነው። አጎቷም ሰውየውን አውቆታል። አጠገቧ መጥቶ “ልጄ፣ በሞቴ ነገር እንዳታነሺ። ገበያ ነው” አላት በሹክሹክታ።

“እኔ ምን አልኩ?”

“ፊትሽ እያለ ነው።”

ኮንትራክተሩ ለአዲሷ ፒክአፕ የጎን ብረት ሊመርጥ ነው የመጣው። ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ጥቁር የቱቦላሬ ብረት በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው። “ይሄ ደግሞ ምንድነው? የእስር ቤት መስኮት?”

“እሱ ሻንሲው ላይ፣ የመኪናዋ አጽም ላይ ነው የሚታሰረው” አለች። “መኪናዋ ድንጋይ ላይ ብትቀመጥ ክብደቷን ይሸከማል። ያ የሚያብረቀርቀው ኒኬል ግን ቦዲው ላይ ነው የሚታሰረው። እግር መርገጫ ነው፤ ለድንጋይ አይሆንዎትም።”

“አንቺ ልጅ፣ እኔ መኪና ስነዳ አንቺ አልተወለድሽም። የሚያብረቀርቀውን እሰሪ!”

እሰሪ ካለስ ትሰራለች። መኪናዋ ሥር ገብታ ቡሎኑን ስታጠብቅ ደስ ደስ አላት። ይሂድ። ይውጣ ተራራውን። ቋጥኙ የቀረውን ይጨርስላታል።

ይህን እያሰበች ሳለ የሰውየው ሾፌር አጠገቧ ቁጢጥ አለ። “እህቴ፣ እባክሽ ጠበቅ አድርጊው። ነገ ተራራው ላይ የምወጣው እኔ ነኝ።”

እጇ ቆመ። ለካ ይህ ሰውዬ መሪ መጨበጥ ከተወ ዘመን ሆኖታል! ቋጥኙ ቢፈርድ የሚፈርደው በሾፌሩ እግር ላይ ነው። በሌላ ሰው እግር ደግሞ እሷ አትበቀልም። ከመኪናዋ ሥር ወጣችና እጇን በጨርቅ ጠረገች።

ኮንትራክተሩ ኒኬሉ ላይ ወጥቶ እየዘለለ ነበር። “አያችሁ? ዘጠና ኪሎ ሰው! ንቅንቅ የለም!”

ተራ የሚጠብቁ ሁለት የከባድ መኪና ሾፌሮች ሳቁ።

“የጎን ብረት በእግር አይፈተንም” አለች። “እዚህ ጋራዥ የታሰረ ብረት በክሪክ ሳይነሳ አይወጣም። ከመሃሉ ክሪክ እናስገባለን። መኪናዋን ካነሳ ብረት ነው፤ ካላነሳ ጌጥ ነው።”

“ዛሬ ይቅር” አለ አጎቷ ቶሎ ብሎ።

“ለምን ይቀራል?” ኮንትራክተሩ ደረቱን ነፋ። “አንሺያት!”

“ቢታጠፍስ?”

“ቢታጠፍ ጥፋቱ የኔ!”

“ሰምታችኋል?” አለች ወደ ሾፌሮቹ ዞራ። ሰምተዋል።

ክሪኩን በሾፌሩ በር በኩል ከብረቱ መሃል ሥር አስገብታ መምታት ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ብረቱ ሲጥ አለ። እዚያ ላይ ማቆም ትችል ነበር። አላቆመችም። ኒኬሉ መጀመሪያ ጎበጠ፣ ቀጥሎ ወደ ላይ ተቆልምሞ የአዲሱን በር ታችኛውን ጠርዝ ከእነ ቀለሙ ወደ ውስጥ ሰረጎደው። ከዚያ በኋላ ነው የመኪናዋ ጎን ብድግ ያለው።

“መኪናዬን! ምን ነካሽ አንቺ!”

“ጠጥቼ ይሆናላ” አለች በያጇ።

ሊፈነዳ የነበረው ሳቅ ተቋረጠ። ኮንትራክተሩ ትኩር ብሎ አያት። አሁን ገና አወቃት፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

የኮንትራክተሩ ሾፌር ወደ ፊት ራመድ አለ። “አለቃ፣ ያኔም እንዲህ ነው የታጠፈው። በሩን በዲጅኖ ፈልቅቄ ያወጣሁት እኔ ነኝ። መጠጥ አልሸተተኝም።”

“አራት ዓመት ሙሉ የት ነበርክ ታዲያ?” አለችው።

“ልጆች አሉኝ” አለ ሾፌሩ፤ አንገቱን ደፋ።

“እሺ፣ እሺ” አለ ኮንትራክተሩ። “ጥቁሩን እሰሪልኝና እንለያይ። ነገ ሥራ አለብኝ።”

“መጀመሪያ አባቴን ታናግራለህ።” እርስዎ ማለቱን ትታለች፤ ማንም አላረማትም። ስልኳን አውጥታ ደወለችና ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ አፉ ሥር ደቀነችለት።

“አቤት ልጄ” አለ የአባቷ ድምፅ።

ኮንትራክተሩ አጎቷን አየ። አጎቷ ጣራውን ያያል። “እኔ ነኝ” አለ በመጨረሻ። “ያን ቀን... አልጠጣህም ነበር። ብረቱ ነው።”



“እሱንማ እኔም አውቀዋለሁ” አለ አባቷ። “ለእኔ ምን ይነገረኛል? ያኔ ለነገርካቸው ንገር እንጂ።” ዘጋው።

በያጇ ስልኳን ኪሷ ከተተች። “በል ሰምተሃል። ሠራተኛህን ሰብስበህ ትነግራቸዋለህ፤ ሾፌርህ ደውሎ ያሰማኛል። በሩን የማቃናውም ጥቁሩን የማስረውም ያኔ ነው።”

“እስከዚያስ መኪናዬ?”

“ክሪኩ ላይ ትቆያለች።”

ሰውየው ወደ አጎቷ ዞረ። “ጋራዡ ያንተ አይደል? ተናገራት እንጂ!”

“ጥፋቱ የኔ ያልከው አንተ” አለ አጎቷ።

ኮንትራክተሩ በእግሩ ወጣ። ሾፌሩ ተከተለው፤ ግን ራቅ ብሎ።

አጎቷ በሩ የተሰረጎደውን፣ ባንድ ጎኗ የተንጠለጠለችውን ፒክአፕ ዞሮ ዞሮ አየና ራሱን ያዘ። “ልቡ ደንድኖ ባይናገርስ?”

“ባይናገር ወደ መንገዱ ትንሽ እናስጠጋታለን” አለች። “ያለፈ ያገደመው ምን ሆና ነው ማለቱ አይቀርም። ለጠየቀ ሁሉ እነግራለሁ። ጊዜ አለኝ።”