እሺታ በአየር ፖስታ

«ወደ ግራ ልጠፍ?» አለ ባልየው ከመኝታ ቤት።

ልብስ ሰፊዋ ሳሎን ውስጥ ከስፌት ማሽኗ ፊት ተቀምጣ የደንበኛ ሱሪ እያሳጠረች ነበር። አልጋው ላይ የታጠበ አንሶላ ክምር ጥላ እንደመጣች ትዝ አላትና ልቧ ሞቅ አለ። ሰው ለካ በጡረታውም ይሻሻላል።

«ግራም ቀኝም የለው፤ ለሁለት እጠፈውና ወንበሩ ላይ አኑረው» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ።

«አንቺን አይደለም» የሚል መልስ መጣ፤ ቀጥሎም ለሌላ ሰው፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «እሺ። እንዳልሽው አጥፌያለሁ።»

የማሽኗ መርፌ ጨርቁን ስቶ ባዶውን ሁለት ሦስቴ ወጋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባልየው ዕድሜውን ሙሉ ፖስታ ቤት ውስጥ ደብዳቤ ሲለይ የኖረ ሰው ነው። በእጁ ያለፈው ፖስታ ያልዞረው አገር የለም፤ እሱ ግን አውሮፕላንን የሚያውቀው አንገቱን ቀና አድርጎ ነው። ጡረታ ሲወጣ ሴት ልጃቸው፣ አባቴ ግድግዳ እያየ እንዳያረጅብኝ ብላ፣ ኮምፒውተር ላይ አውሮፕላን የሚያስነዳ ነገር ከነመሪ ዱላው ገጠመችለት። ሲሙሌተር ይሉታል። ሌላ ሰው ቢሆን ትልቁን ጄት ይዞ ይንጎማለልበት ነበር። የእኛው ሰው የመረጠው ግን የአየር ፖስታ ገና ሲጀመር ደብዳቤ ያመላልሱ የነበሩትን ጣሪያ የለሽ፣ ባለ ድርብ ክንፍ ጉዶች ነው። የዚያን ጊዜዎቹን አብራሪዎች መንገድ በዚያው በእነሱ ዘዴ መልሶ መሄድ አማረው፦ ሐዲድ እያዩ፣ ወንዝ እየተከተሉ፣ የፋብሪካ ጭስ ማውጫ እየለዩ። ጨዋታው በነፃ የሚሰጠውን ካርታ እንኳ አጥፍቶታል።

«እነሱ መች እንዲህ ያለ ነገር ነበራቸው» ይላል፣ አብሮ አደጎቹ ይመስል።

ሕጉ አንድ ነው፤ መሬት ከዓይን እንዳይጠፋ። ደመና ውስጥ የገባ ፖስተኛ አለቀለት። እንግዲህ የአብራሪው ዓይን መሬት መሬቱን ሲያይ፣ የድሮዎቹን የመንገድ ምልክት የሚያነብለት ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው በኢንተርኔት ተገኘ፤ ሌላ ከተማ የምትኖር፣ እንደሱው ጡረታ የወጣች የጂኦግራፊ መምህርት። ልብስ ሰፊዋ ስሟን ብታውቅም አትጠራትም። «እመት ኮምፓስ» ነው የምትላት።

ቅናት ሲባል መቼም ሰው የሚያስበው ሌላ ነው። ልብስ ሰፊዋ ባሏን ታውቀዋለች፤ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ እንኳ ሹራቡን ገልብጦ የሚለብስ ሰው ማን ይነጥቀኛል ብላ አትሰጋም። እሷን ያንገበገባት «እሺ» ነው።

አሮጌ መኪና ነበረቻቸው። በዚያች መኪና ከጎኑ ተቀምጣ ስንት ዘመን «እዚህ ጋ እጠፍ» ብላዋለች! እሱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። «አለፍከው እኮ» ስትለው «አውቃለሁ» ይላል። የእህቷ ልጅ ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ ከሄዱ በኋላ የደረሱት በዚሁ «አውቃለሁ» ነው። አንድ ጊዜ ለቀብር ወጥተው፣ የማያውቁት ሰው ቀብር ላይ ቆመው ተገኙ፤ ሰው ፊት ላለማፈር የሚገባውን ያህል አልቅሰው ተመለሱ። መኪናዋ እስክትሸጥ ድረስ ከሚስቱ አፍ አንዲት ግራ፣ አንዲት ቀኝ አልተቀበለም።

ይኸው ሰው አሁን መልኳን አይቶ የማያውቃት ሴት ግራ ስትለው ግራ፣ ቀኝ ስትለው ቀኝ። «እሺ። እሺ። እንዴታ።» ከመኝታ ቤቱ እሺታው እንደተበላሸ ቧንቧ ጠብ ጠብ ሲል ይውላል። ሚስትየው ሳሎን ሆና ትሰማለች። ሴትዮዋ የምትለው አይሰማም፤ ልጅቷ በቅርቡ ባመጣችው የጆሮ ማዳመጫ ውስጥ ይቀራል። ለቅናት ደግሞ ግማሹን ከመስማት የባሰ ነገር የለም፤ የጎደለውን ሰው ራሱ ይሞላዋላ።

በዚያ ላይ ድሮ «እርስዎ» ነበር። «እንዳሉት ነው መምህርት፣ ወንዙ ታየኝ» ይል ነበር። አሁን «እንዳልሽው» ሆኗል። ከ«እርስዎ» እስከ «አንቺ» ያለውን መንገድ ማን መርቶ ማን እንደተከተለ አልታወቀም።

ምሳ ላይ አልቻለችም።

«ሰውዬ፣ ከእመት ኮምፓስ ጋር ከመቼ ወዲህ ነው አንተ አንቺ የተባባላችሁት?»

«እመት ኮምፓስ ማናት?»

«ስንት መሪ አለህ?»

ጎረሰ። አላመጠ። ማላመጥ ድሮም መሸሸጊያው ነው። «‹እባክዎ ወደ ግራ ይጠፉልኝ› እስክትል ጭስ ማውጫው ያልፈኛል» አለ በመጨረሻ። «ለአጭርነቱ ነው።»

«እኔማ ድሮም ‹እጠፍ› ነበር የምልህ። ከዚህ ወዲያ እንዴት ላሳጥረው?»

ባልየው ውሃ ጠጣ።

ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ደወለች። እናት የሆዷን ዘረገፈች፤ ልጅቷ ደግሞ እየሳቀች፣ «እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ በአባዬ ትቀኛለሽ?» አለቻት።

«በአባትሽ ማን ይቀናል? በእሺው ነው እንጂ።»

«እንግዲያው አንቺ ምሪው። እሺ ካለሽ ይወጣልሻል፤ ካላለሽም ቁርጥሽን ታውቂያለሽ።»

ቁርጥን ማወቅ ሲባል ሲያወሩት ቀላል ነው። ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን የሱሪውን አንድ እግር አስረዘመች፣ ሌላውን አሳጠረች።

ቅዳሜ ከሰዓት ባልየው በሩ ላይ ቆሞ አገጩን ሲያክ አገኘችው። የተያያዙት መንገድ የመጨረሻው ክፍል ነበር የቀረው፤ ከሜዳው ከተማ ተነስቶ በተራራው ሸለቆ አልፎ ፖስታውን ማራገፍ።

«ዛሬ አልበርም» አላት። «መምህርት የለችም። ዓይኗን ልትታይ ሐኪም ቤት ሄዳለች።»

«ዓይኗን? መንገድ የምትመራህ ሴትዮ?»

«ለማንበቢያ ነው፤ ትንሽ ደከም ብሏት። ለሰኞ እናቆየዋለን።»

«ደብዳቤው ይቆያል ማለት ነው? እነዚያ ሰዎች መሪያቸውን ዓይኑን ባመመው ቁጥር ፖስታውን ያሳድሩት ነበር?»

ያችን እያወቀች ነው የወረወረቻት። ባልየው ፊቱ ተለዋወጠ፤ የፖስታ ሰው የደብዳቤ ማደር ሲነሳበት አይችልም። «መምህርት የሚነበበውን ልካልኛለች» አለ ቀስ ብሎ። «የሚያነብ ሰው ነው የጠፋው።»

እሱ ነገሩን ሳይጨርስ እሷ የምግብ ጠረጴዛውን ወንበር ስባ መጣች፤ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ ሰክታ፣ ወረቀቱን ተቀብላ ከጎኑ ተቀመጠች። ቦታው እንደ መኪናዋ በስተቀኙ ነበር።

አውሮፕላኗ እየተንገጫገጨች ተነሳች።

«ሐዲዱን በቀኝ ክንፍህ ሥር አድርግ» ብላ አነበበች።

«እሺ።»

ሰማች። ግን ሰው የተመኘውን ነገር አንዴ ሰምቶ አይጠግብም። «ምን አልክ?»

«እሺ አልኩ።»

«ሞተሩ ይጮሃል፤ አልሰማሁህም።»

«እሺ ነው ያልኩት፣ አንቺ ሴት።»

ወንበሯ ላይ ተመቻቸች። «ቀይ ጣሪያ ያለው ወፍጮ ቤት ሲታይህ ወደ ግራ እጠፍ።» እሺ። «ድልድዩን አልፈህ ወንዙን ተከተል።» እሺ። ሜዳው ከሥራቸው እንደተዘረጋ ጨርቅ ይንሸራተታል፤ እሷ ስትናገር ክንፉ ዘንበል፣ ስትናገር ክንፉ ቀና። እመት ኮምፓስን እግዜር ይማርሽ አለቻት በሆዷ፤ አይቸኩል ግን፣ ዓይን ደህና ተደርጎ መታከም አለበት።

ሸለቆው አፍ ላይ ወንዙ ለሁለት ተከፈለ። የመሪነቱ ደስታ ጎትቷት ዓይኗን ከወረቀቱ አንስታ እያየች ነበር፤ ስትመለስ የምታነበው መስመር ጠፋት።

«የቱን ልያዝ?» አለ ባልየው፣ ዓይኑን ከመሬቱ ሳይነቅል። «ቶሎ በይ።»

እዚህ ላይ ልብስ ሰፊዋ ዕድሜዋን ሙሉ መንገድ በምትናገርበት ቋንቋ ተናገረች። በእነሱ ሰፈር ሱቁ ወደ ላይ ነው፣ ክሊኒኩ ወደ ታች ነው፤ ዳገቱን ይዘህ ሂድ፣ ቁልቁለቱን ይዘህ ሂድ ማለት ነው።

«ወደ ላይ» አለች፣ ከተራራው የሚመጣውን ወንዝ በጣቷ እያሳየች። «ወደ ላይ ሂድ።»

«እሺ» አለና ዱላውን ወደ ደረቱ ሳበ።

የአውሮፕላኗ አፍንጫ ተነሳ። ወንዙ ከስክሪኑ ግርጌ ሾልኮ ወጣ፤ ተራራውም ተከተለው።

«ወዴት ነው የምትሄደው? ወደ ላይ እኮ ነው የምልህ።»

«እየሄድኩ ነው።»

«አትሄድም፤ ኧረ ወደ ላይ ሰውዬ፣ ወደ ላይ!»

«እሺ አልኩሽ እኮ» ብሎ የቀረውን ያህል ጨምሮ ሳበ።

ስክሪኑ ነጭ ሆነ፤ ደመና። ሞተሩ ደረጃ እንደሚወጣ አዛውንት አቃሰተ፤ አንዴ ተነፈሰና ተወው። ከዚያ ነጩ መዞር ጀመረ፤ ከነጩ ውስጥ አረንጓዴ መጣ፤ አረንጓዴው ቀረበ፣ በጣም ቀረበ። ሁሉም ነገር ሲቆም አንድ ክንፍ ሰማዩን እያመለከተ፣ ሣሩ ደግሞ በጎኑ ቆሞ ነበር።

ሁለቱም ሣሩን አዩ።

«ወደ ላይ ማለቴ» አለች፣ «ወንዙን ይዘህ ወደ ላይ። ወደ ሱቁ እንደሚኬደው።»

«ገባኝ» አለ። «አሁን ገባኝ።»

«እሷ ብትሆን ምን ትልህ ነበር?»

«ሰሜን።»

ልብስ ሰፊዋ በሕይወቷ ለማንም ሰሜን ብላ አታውቅም። ሰሜን የት እንደሆነ ብትጠየቅም ከሱቁ በላይ ይሁን በታች እርግጠኛ አልነበረችም።

በዚህ መሃል ኮምፒውተሩ ጠራ። ባልየው ማዳመጫውን አጠለቀ።

«ደህና ነሽ? ዓይንሽን ምን አሉሽ?» ካለ በኋላ አዳመጠ። «ተመስገን። ... አይ፣ አልደረስንም። ሸለቆው አፍ ላይ ሜዳ ላይ ነን። ... ደመና ውስጥ ገባሁ።» ረዘም አድርጎ አዳመጠ፤ ወደ ሚስቱ አላየም። «የለም፣ የለም፤ መሪዋ ደህና ነበረች። እኔ ነኝ ያለቦታው የሳብኩት። ... እሺ። እሺ፣ ደህና ዋዪ።»

ሌላ ሴት ብትሆን፣ ሸፈነልኝ ብላ ደስ ይላት ነበር። ልብስ ሰፊዋ ግን ቅናት ይዟት ነውና ነገሩን እንደ ልብስ ገልብጣ የውስጥ ስፌቱን አየች። የሸፈነው ለእኔ ብሎ ነው፣ ወይስ እመት ኮምፓስ ፊት በእኔ አፍሮ? «እሺ» የምትለዋንም ስታወዳድራት፣ ለሴትዮዋ የወጣችው ለእሷ ከወጣችው በመጠኑ የለሰለሰች መሰላት።

ወረቀቱን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ሰውዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሳታላምጥ መልስልኝ።»

«ምን የሚላመጥ ነገር አለ?»

«በመኪና ያን ሁሉ ዘመን እጠፍ ስልህ አንድ ቀን እሺ ብለኸኝ አታውቅም። ያውም ልክ ሆኜ። ዛሬ ተሳስቼ ወደ ደመና ስነዳህ እሺ ብለህ ገባህ። ምን ታይቶህ ነው?»

ባልየው አውሮፕላኗን ወደ መነሻው ሜዳ መለሳት። ሣሩ ቀና አለ፣ ክንፎቹም እንደ አዲስ ሆኑ። ማዳመጫውን አውልቆ ጥምዝምዙን ሽቦ በትዕግሥት ፈታ።

«መኪናዋ የእውነት ነበረቻ» አለ።